ጊዜያዊ ከለላ ለማን ይሰጣል?

እንግዳ ቤት ከገባ በኋላ ወንዙ ቢሞላ «ደራሹ እስኪጎድል እደር» ይባላል እንጂ ወደ ውኃው አይገፋም። የአሜሪካ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ይህን የመሰለ ሕግ አወጣ። ስሙ ጊዜያዊ ከለላ ነው። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ቲ.ፒ.ኤስ. ይሉታል። አንድ አገር በጦርነት ወይም በመሬት መንቀጥቀጥ ሲጎዳ፣ አሜሪካ ውስጥ ያሉ የዚያ አገር ሰዎች ለጊዜው አይባረሩም። የሥራ ፈቃድም ያገኛሉ። ጊዜው ከ6 እስከ 18 ወር ነው፤ ሊራዘምም ይችላል።

ማን ያገኛል? ይኼ ቀስ ተብሎ ይነበብ። ከለላው ቀድሞውኑ አሜሪካ ለገባ ሰው ብቻ ነው። መንግሥት ቀን ይቆርጣል። በ2015 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ለኢትዮጵያውያን ሲፈቀድ የተቆረጠው ቀን ጥቅምት 10 ነበር። በማግሥቱ ከአውሮፕላን የወረደ ሰው፣ በ2016 ዓ.ም. ሌላ ቀን እስኪቆረጥ ድረስ ቀረበት። ከቀኑ በፊት የገባም ቢሆን በጊዜው መመዝገብና አሻራ መስጠት አለበት። ከባድ ወንጀል ሠርቶ የተፈረደበት አያገኝም።

እንግዲህ አንድ ደላላ መጥቶ «በሬህን ሽጥ፤ ልጅህን በዚህ ከለላ አሜሪካ አስገባልሃለሁ» ቢል ውሸቱን ነው። እዚህ የተቀመጠ ልጅ በብርም ቢሆን ይህን ወረቀት አያገኝም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ቢያሳይም ያው ነው።

ከለላው በራሱ ቋሚ መኖሪያ አይሆንም። ለኢትዮጵያውያን የተሰጠውም እንዲያበቃ መወሰኑን የአሜሪካ መንግሥት በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. አስታውቋል።