ትርፍ አንጀቱ የፈነዳ ሰው ለምን ሁለት መድኃኒት ይሰጠዋል?

ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ ገጠር ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሆስፒታል የሚደርስ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ በደም ሥሩ ሁለት ፀረ ባክቴሪያ ይሰጠዋል፤ ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል። «አንዱ ጠንካራ መርፌ አይበቃም ወይ?» የሚል አስታማሚ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ትልቁ አንጀት ኦክስጅን የለበትም ማለት ይቻላል። እዚያ የሚኖሩት አየር የማይሹ ባክቴሪያዎች እንደ ኢ. ኮላይ ካሉት፣ አየር ከሚስማማቸው ባክቴሪያዎች ቢያንስ መቶ እጥፍ ይበልጣሉ። በቦታቸው እስካሉ ችግር የለም። አንጀት ሲፈነዳ፣ ወይም በእኛ አገር እንደሚያጋጥመው ተጠማዞ ሲሞት፣ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈሱና መግል ይቋጥራሉ። መግሉ ሲከፈት የሚሰነፍጠው ክፉ ሽታ የእነሱ ነው። ከእነዚህ አንዱ ባክቴሮይደስ ፍራጂሊስ ነው፤ በአንጀት ውስጥ ድርሻው ትንሽ ሆኖ ሳለ ከመግል ውስጥ ግን አብዝቶ የሚገኘው እሱ ነው።

መሣሪያው ቤታ ላክታሜዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ፔኒሲሊን፣ አሞክሳሲሊንና ሴፍትሪያክሶን ሁሉም አራት አተሞች የተያያዙባት አንዲት ቀለበት አለቻቸው። ቀለበቷ እንደተጠመደ ወጥመድ የተወጠረች ናት፤ ባክቴሪያው ግድግዳውን የሚሠራበትን ፕሮቲን ስትነካ ትፈነጠርና አንቃ ትይዘዋለች። ግድግዳውን መጠገን ያቃተው ባክቴሪያ ፈንድቶ ይሞታል። ኢንዛይሙ ግን ቀድሞ ይደርስና በአንዲት የውኃ ሞለኪውል ቀለበቷን ይከፍታታል። ወጥመዱ በባዶ ተፈነጠረ። ኢንዛይሙ ራሱ ምንም አይሆን፤ ወደሚቀጥለው ሞለኪውል ይሄዳል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ኤድዋርድ አብርሃምና ኧርነስት ቼይን ፔኒሲሊን አፍራሽ ኢንዛይም ማግኘታቸውን በ1940 እ.ኤ.አ. ሲያሳውቁ መድኃኒቱ ገና ገበያ ላይ አልዋለም ነበር።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ጉርብትናቸው ነው። መግል ውስጥ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ አብሮ ይኖራል፤ አንዱ የሚያመርተው ኢንዛይም መድኃኒቱን በዙሪያው ሲያፈርሰው፣ ራሳቸውን መከላከል የማይችሉት ጎረቤቶችም ይተርፋሉ። ላቦራቶሪው «ይህ ባክቴሪያ በአሞክሳሲሊን ይሞታል» ብሎ ሳለ በሽተኛው ላይሻለው የሚችለው ስለዚህ ነው። የበሰበሰ ጥርስ መንጋጋ ሲያሳብጥም ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። አየር የማይሹትን ማብቀል ደግሞ ኦክስጅን የሌለበት ዕቃ ስለሚጠይቅ በአብዛኞቹ የአገራችን ሆስፒታሎች የዘወትር ምርመራ አይደለም፤ ሐኪሙ የሚያዝዘው የባክቴሪያውን ልማድ አውቆ እንጂ አይቶት አይደለም።

አየር የማይሹት ሁሉ ይህን ኢንዛይም ያመርታሉ ማለት ግን አይደለም። ከብት በድንገት የሚጥለው አባ ጎርባም የሚመጣው አየር ከማይሻ ባክቴሪያ ነው፤ ፔኒሲሊን በጊዜ ከደረሰ ይገድለዋል። በጊዜ የሚደርሰው ጥቂት ነውና ክትባቱ ይሻላል።

ወደ ሁለተኛው መድኃኒት እንምጣ። ብዙ ሰው ሜትሮኒዳዞልን የሚያውቀው በአሜባና በጃርዲያ መድኃኒትነቱ ነው። ያቺ ቀለበት ስለሌለችው ቤታ ላክታሜዝ አይነካውም። ሲገባ መርዝነት የለውም፤ አየር የማይሻው ባክቴሪያ ኃይል ሲያመርት የሚንቀሳቀሱት ኤሌክትሮኖች ናቸው ወደ መርዝ የሚለውጡት። ከዚያ ዲኤንኤውን ይበጣጥሰዋል። ባክቴሪያው የሚሞተው ራሱ ባዘጋጀው መርዝ ነው። ኢ. ኮላይ ግን ይህን በብቃት አያደርግም፤ ስለዚህ አይሞትም፤ ለእሱ ሴፍትሪያክሶን አለ። ሁለት መሆናቸው ለዚህ ነው።

ለሜትሮኒዳዞልም ማርከሻ ያገኙ ባክቴሪያዎች አሉ። ኒም የተባሉት ጂኖች የሚያሠሩት ኢንዛይም መድኃኒቱን መርዝ ሳይሆን ወደማይጎዳ ነገር ይለውጠዋል፤ ጂኖቹም ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ይተላለፋሉ። ለሆድ ቁርጠት ሁሉ ያለ ማዘዣ የሚዋጥ ሜትሮኒዳዞል የሚጠቅመው እንዲህ ያሉትን ነው፤ ሌሎቹ ሲሞቱ ቦታው ለእነሱ ይለቀቃል። እናም ሆዳችሁን አሟችሁ ወይም መንጋጋችሁ አብጦ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ፣ ቀድማችሁ የወሰዳችሁት ኪኒን ካለ አትደብቁ፤ ባዶ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ።