የገበሬ ወገብና የኩንታል ጆንያ

የወገብ ሕመም የእርጅና ዕዳ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ነገር ግን ከአሠራር ጋርም ሊያያዝ ስለሚችል ሊቀነስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ ሕመም ይሠቃዩ እንደነበር ተገምቷል። አረምና አጨዳ ቀን አይሰጡም፤ በዚያን ወቅት ወገቡ የተያዘ ገበሬ የዓመት ምርቱ ሊጎዳበት ይችላል።

ሕመሙን የሚያመጡና የሚያባብሱ ሁኔታዎች፦

1. ከባድ ሸክም፤ በተለይ ከሰውነት አርቆ ወይም ወገብን ጠምዝዞ ማንሣት።
2. በአረምና በአጨዳ ጊዜ ለረጅም ሰዓት ጎንበስ ብሎ መዋል።
3. ሲጋራ ማጨስ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና ጭንቀት።
4. ቀደም ሲል ወገብን ታምሞ ማወቅ።

ከእነዚህ መካከል ማኅበራት በቀላሉ ሊያርሙት የሚችሉት የመጀመሪያውን ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 128፣ አንድ ጎልማሳ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ፣ የሴቶች ደግሞ ከዚህ በእጅጉ እንዲያንስ መክሯል። በአንድ ሰው ጀርባ ላይ የሚጫነው የእህል ጆንያ ግን ብዙውን ጊዜ 100 ኪሎ ግራም ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንመክራለን፦

ሀ. እህል በ50 ኪሎ ግራም ይሞላ። የጆንያ ወጪና ምልልስ እንደሚጨምር እንረዳለን፤ ሆኖም ጤነኛ ጉልበት ከጆንያ ይበልጣል። ይህም ክብደት ቢሆን ለሁለት ቢነሣ ይመረጣል።
ለ. መጋዘን በር ላይ በመኪና ወይም በጋሪ ከፍታ መደብ ይሠራ።
ሐ. ሸክም ሲነሣ ጉልበት ይታጠፍ፤ ሸክሙም ወደ ደረት ይጠጋ። ዞር ለማለት እግር ይንቀሳቀስ እንጂ ወገብ አይጠምዘዝ።
መ. በመስመር በተዘራ ማሳ ላይ ረጅም እጀታ ያለው መኮትኮቻ ይዞ ቀና ብሎ መሥራት ይቻላል። በእጅ ሲታረም በየጊዜው ቀና ማለትና ሥራ መለዋወጥ ይገባል።
ሠ. ውኃና ማገዶ በሴቶች ጀርባ ከመጫን ይልቅ በአህያ ወይም በጋሪ ይጓጓዝ።

ወገቡን የታመመ ሰው ለብዙ ቀን መተኛት የለበትም፤ አቅሙ በፈቀደ መጠን ይንቀሳቀስ። ነገር ግን እግሩ ከደከመ፣ በጭኖቹ መካከል ከደነዘዘው፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተው፣ ትኩሳት ካለው ወይም ሕመሙ ከመውደቅ በኋላ የመጣ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

የልማት ሠራተኞች ይህን ከመኸር መሰብሰብ በፊት ለማኅበራት ኮሚቴዎች እንዲያስረዱ እናሳስባለን። ምርት ከገባ በኋላ የጆንያውን መጠን መቀየር አስቸጋሪ ነው።