«ሠራ» እና «ተሠራ»፦ አድራጊና ተደራጊ ግሥ በታሪክ ጽሑፍ

ሀ. መግቢያ

የአንድን ነገር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ይገባዋል። እነርሱም «ምን ተደረገ?» እና «ማን አደረገው?» የሚሉት ናቸው። የመጀመሪያውን መልሶ ሁለተኛውን የዘነጋ ጽሑፍ ጎደሎ ነው። በዚህ ትምህርት ግሥ አድራጊውን እንዴት እንደሚገልጥና እንዴት እንደሚሰውር እንመለከታለን። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ በምታነቡበትም ጊዜ «ማን?» እያላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ለ. ምንባብ፦ ስም ያለው ጊታርና ስም የሌለው ክራር

ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1796 በጀርመን አገር፣ በሳክሶኒ ግዛት፣ ማርክኖይኪርኸን በተባለች ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የቤት ዕቃ የሚሠሩ አናጢዎች ነበሩ። እርሱም ወደ ቪየና ሄዶ ዮሐን ጌኦርግ ስታውፈር ከተባለ ስመ ጥር የጊታር ሠሪ ዘንድ ሙያ ቀሰመ። ወደ ትውልድ ከተማው በተመለሰ ጊዜ ግን ሙግት ጠበቀው። የቫዮሊን ሠሪዎች ማኅበር አናጢዎች ጊታር እንዳይሠሩ ለማስከልከል ተነሣ። አናጢዎቹም ስለ መብታቸው ተከራከሩ፤ ነገሩም ለዓመታት ተጓተተ። ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1833 ቤተሰቡን ይዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረና በኒውዮርክ ከተማ ሱቅ ከፈተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በፔንሲልቬንያ ግዛት ወደምትገኘው ናዝሬት ወደተባለች ትንሽ ከተማ ተዛወረ። በስሙ የሚጠራው ድርጅት እስከ ዛሬ በዚያው ይገኛል።

የጊታር ፊት ስስ ሣንቃ ነው። ሣንቃው ቢወፍር ድምፅ ያፍናል፤ ቢሳሳ ደግሞ በክሮቹ ጉተታ ይጎብጣል። ይህን ችግር ለማቃለል በ1840ዎቹ በሣንቃው ውስጠኛ ገጽ ላይ ሁለት ዘንጎችን በመስቀለኛ አጋድመው ከለጠፉት ሠሪዎች አንዱ ማርቲን ነበር። በዚያ ዘመን የጊታር ክር ከእንስሳት አንጀት ይፈተል ስለነበር ጉተታው ቀላል ነበር። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የብረት ክር ሲስፋፋ ግን ጉተታው በረታ፤ የመስቀለኛው ድጋፍ ጥቅምም ያን ጊዜ ጎልቶ ታየ።

ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1873 ሞተ፤ ሥራውን ግን ልጁና የልጅ ልጆቹ ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ ድርጅቱ በየጊታሩ ላይ ተከታታይ ቁጥር ጻፈ። እስከዚያ ድረስ የሠራቸውን በግምት 8000 አድርጎ በመቁጠር ከዚያው ቁጥር ጀመረ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የተሠራ አሮጌ የማርቲን ጊታር የገዛ ሰው ወደ ውስጥ ተመልክቶ የሠሪውን ስም ያነባል፤ ከቁጥሩም መሣሪያው በየትኛው ዓመት እንደተሠራ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 የድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅነት ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተሰቡ ውጭ ለሆነ ሰው ሲተላለፍ እንኳ ስሙ አልተለወጠም።

አሁን ፊታችንን ወደ አገራችን ክራር እንመልስ። የጊታር ፊት ሣንቃ እንደሆነ ሁሉ የክራር ፊት ቆዳ ነው፤ ሁለቱም የክሩን ንዝረት ያጎላሉ። የክራር ገበቴ ከእንጨት ይፈለፈላል፤ አንዳንድ ጊዜም በእንጨቱ ፈንታ የብረት ሳህን ይገባል። በገበቴው ላይ ቆዳ ይወጠራል። ሁለት ምሰሶዎች ከገበቴው ይነሣሉ፤ በጫፋቸውም ቀንበር ይጋደማል። አምስት ወይም ስድስት አውታሮች ከገበቴው ግርጌ ተነሥተው በብርኩማው ላይ ያልፉና በቀንበሩ ላይ ይታሰራሉ። አውታሩ ቀድሞ ከጅማት ወይም ከአንጀት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ግን በብዛት ናይሎን ነው። ከዚህ በኋላ መሣሪያው በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል ወይም በአንቺሆዬ ይቃኛል።

ክራርን በመጫወት ዝና ያተረፉትን ካሳ ተሰማንና አስናቀች ወርቁን በስማቸው እናውቃቸዋለን። በእጃቸው የያዙትን ክራር ያበጀውን ሰው ስም ግን ከመካከላችን ስንቶቻችን እንናገራለን? ብዙ ክራር የሚበጀው በተጫዋቹ በራሱ ወይም በመንደር ባለሙያ እጅ ነው፤ በገበቴው ላይ ስም መጻፍም የተለመደ አልነበረም። ከዚህም በላይ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው በሙያቸው ሲናቁ በኖሩበት አገር የሠሪን ስም ለክብር የሚጽፍ ብዙ አልነበረም። ሥራው ተወደደ፤ ሠሪው ተረሳ።

ሐ. የቃላት ፍች

ገበቴ፦ ጎድጓዳ የእንጨት ዕቃ፤ እዚህ የክራር ድምፅ ማጉያ ክፍል።
ብርኩማ፦ አውታሮቹን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዝ ትንሽ እንጨት።
አውታር፦ በመሣሪያ ላይ የተወጠረ ክር ወይም ጅማት።
ንዝረት፦ የተመታ ክር የሚያሳየው ፈጣን መርገብገብ።

መ. ሰዋስው

የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. ሠሪው ቆዳውን ወጠረ። — ቆዳው ተወጠረ።
2. አስናቀች ክራሩን ቃኘች። — ክራሩ ተቃኘ።

በግራ ያሉት ግሦች አድራጊ፣ በቀኝ ያሉት ተደራጊ ይባላሉ። አድራጊው ወደ ተደራጊ ሲለወጥ ሦስት ነገሮች ይሆናሉ። አንደኛ፣ ግሡ በመነሻው «ተ-»ን ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ተሳቢው «-ን»ን ጥሎ ባለቤት ይሆናል፤ ግሡም ከአዲሱ ባለቤት ጋር ይስማማል። ስለዚህ «ቃኘች» የነበረው «ተቃኘ» ሆነ። ሦስተኛ፣ የቀድሞው ባለቤት ከዓረፍተ ነገሩ ሊወጣ ይችላል። እንዲቀር ከተፈለገ «በ-»ን ይዞ ይገባል፤ ለምሳሌ «ክራሩ በአስናቀች ተቃኘ»።

«ይወጠራል»፣ «ይቃኛል» በመሳሰሉት ግን «ተ-» አይታይም። ተውጦ የሚቀጥለውን ፊደል ያጠብቀዋል፤ ስለዚህ በንባብ እንጂ በጽሕፈት አይለይም። በሌላ በኩል በ«ተ-» የጀመረ ግሥ ሁሉ ተደራጊ አይደለም። በምንባቡ ውስጥ «ተነሣ» እና «ተከራከሩ» የሚሉት ድርጊቱን የፈጸሙት ባለቤቶቹ ራሳቸው መሆናቸውን ያሳያሉ።

ተደራጊ ግሥ ነውር የለበትም። የክራርን አሠራር ስንገልጽ «ቆዳ ይወጠራል» ማለት ይበቃል፤ ማንም ሠሪ ቢሆን ሥራው አንድ ነውና። ታሪክ ስንጽፍ ግን «ክራሩ ተሠራ» ብሎ ማቆም የአንድን ሰው ድካም ያለባለቤት መተው ነው። አድራጊው የሚታወቅ ከሆነ ስሙን መጻፍ የጸሐፊው ግዴታ ነው።

ሠ. መልመጃ

1. ማርቲን የትውልድ ከተማውን ከመልቀቁ በፊት የነበረው ሙግት ስለ ምን ነበር?
2. የብረት ክር መስፋፋት የመስቀለኛውን ድጋፍ ጥቅም ያጎላው ለምንድን ነው?
3. ከምንባቡ የመጨረሻ አንቀጽ ሦስት ተደራጊ ግሦችን አውጡ። አድራጊያቸው ማን እንደሆነ ተናገሩ።
4. የሚከተሉትን ወደ አድራጊ ለውጡ፦ (ሀ) ሱቁ በማርቲን ተከፈተ። (ለ) ገበቴው በአናጢው ተፈለፈለ። (ሐ) ቁጥሩ በድርጅቱ ተጻፈ።

ድርሰት፦ በአካባቢያችሁ በእጅ የተሠራ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ፈልጋችሁ ታሪኩን በሦስት አንቀጽ ጻፉ። ለምሳሌ በመቀሌ ከተማ በዓዲ ሓቂ የሚኖር ተማሪ ስለ ክራር፣ ስለ ከበሮ ወይም በትግርኛ ጭራ ዋጣ ስለሚባለው ማሲንቆ ሊጽፍ ይችላል። የመሣሪያውን ባለቤት ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሠራው፣ እንጨቱንና ቆዳውን ከየት እንዳገኘው ጠይቁ። ሠሪው በሕይወት ካለ ራሱን አነጋግሩት፤ ስሙን ለመጻፍም ፈቃዱን ጠይቁ። በመጀመሪያው አንቀጽ መሣሪያውን፣ በሁለተኛው አሠራሩን፣ በሦስተኛው ሠሪውን ግለጹ።

ድርሰቱን ለመምህራችሁ ከማስረከባችሁ በፊት በተደራጊ ግሦች ሥር ሁሉ አስምሩ። በእያንዳንዱ ዘንድ ቆም ብላችሁ «ማን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን የምታውቁት ከሆነና ለታሪኩ የሚያስፈልግ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩን በአድራጊ ግሥ እንደገና ጻፉት።