ስለ ኋላ ፍሬን ሸራ አለዋወጥ

ከኮረም ወደ አላማጣ በግራ ካሱ ጠመዝማዛ መንገድ የወረደ ሰው የፍሬንን ጥቅም ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገውም። ኮረም ከአላማጣ 1,000 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ሲወርድ ወደ 15 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ኃይል ይለቃል፤ ይኸውም 40 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ነጂው ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ እንዲያግዘው ካላደረገ፣ ሙቀቱ አብዛኛውን የሚያርፈው በፍሬኑ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት አባቴ በቶዮታ ፒክአፓችን ያን ቁልቁለት ወርደው ቆቦ ሲገቡ ከኋላ ጎማዎች የብረት ፍጭት ይሰማ ነበር፤ የእጅ ፍሬኑም እስከ መጨረሻው ቢሳብ አልይዝ አለ። መካኒክ የሆኑት አጎቴ ሸራው ማለቁን ነገሩን። በማግሥቱ ታምቡሩ ከበረደ በኋላ በግቢያችን ሥራ ጀመርን፤ እኔም ረዳት ሆንሁ።

ክሪኩን ይዤ ስቸኩል አጎቴ አስቆሙኝና፣ «የኋላው ሲነሣ ይህን መኪና የሚይዘው ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«የእጅ ፍሬኑ፤ ማርሽም ገብቷል» አልሁ።

ሳቁብኝ። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው፤ ታምቡሩ እንዲወጣ ደግሞ መለቀቅ አለበት። ኃይሉ ወደ ኋላ በሚሄድ መኪና ማርሽም ቢሆን የሚይዘው እነዚያኑ ጎማዎች ነው፤ እነርሱ አየር ላይ ሲንጠለጠሉ መኪናው ያለ ልጓም ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በፊት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ይገባል። የቆቦ ሜዳ ለጥ ያለ ቢሆንም አፈሩ ለስላሳ ስለ ሆነ ክሪኩ ይሰምጣል፤ ከሥሩ ወፍራም ሳንቃ አነጠፍን። የጎማውን ብሎኖች ጎማው መሬት ሳይለቅ አላላን። ከዚያም መኪናውን አንሥተን አክስሉን በብረት መደገፊያ ላይ አሳረፍነው፤ ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለማቆም አይታመንምና።

(ፍሬን፣ ታምቡር፣ ክሪክ የሚሉት ስሞች የጣልያንኛ ናቸው። የአገር ቃል ይፈለግላቸው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን መካኒኩ የሚሰማው ስም ይበልጣል ባይ ነኝ።)

ታምቡሩ ሲወጣ ውስጡ ጥቁር ብናኝ ሞልቶት አገኘነው። እፍ ልለው ጎንበስ ስል አጎቴ እጄን ያዙ። በአንዳንድ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ አለ፤ ይህም ወደ ሳንባ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር የሚያመጣ ነገር ነው፤ መኖሩም በዓይን አይለይም። ብናኙን በውሃ በራሰ ጨርቅ ጠረግነው፤ ጨርቁንም በላስቲክ ቋጥረን ጣልነው።

ሸራው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሆኖ ብረቱ ታምቡሩን ይፍቅ ነበር። የሁለቱም ጎማ ሸራ በአንድነት ይለወጣል፤ አለዚያ መኪናው ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል። የምንፈታው ግን አንዱን ጎን ብቻ ነው፤ የሞላዎቹ አቀማመጥ ሲጠፋብን ወደ ሌላው ጎን ሄደን እናያለን። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቻለሁ። ሞላ ሲፈታ ስለሚፈነጠር ዓይንን መጠበቅ ያስፈልጋል። ታምቡሩ ወጥቶ ሳለ የፍሬኑን ፔዳል የሚረግጥ ሰው እንዳይኖር፤ የሲሊንደሩ ፒስተኖች ተገፍተው ይወጣሉና። ታናሽ ወንድሜን ከመሪው ያራቅነው በዚህ ምክንያት ነው። ሲሊንደሩ ዘይት ቢያፈስ አዲሱም ሸራ ይበላሻል፤ የእኛ ደረቅ ነበር።

ታምቡሩ ከተመለሰ በኋላ ሸራው በጥቂቱ እስኪነካው ድረስ ማስተካከያውን አዞርን፤ ሌላውንም ጎን እንዲሁ አደረግን። መኪናው ሳይነሣ አባቴ ፔዳሉን ደጋግመው ረገጡ፤ እስኪጠነክርም ድረስ ማንም ሞተር አላስነሣም። የጎማዎቹን ብሎኖች መሬት ላይ አጥብቀን፣ ወደ ሮቢት በሚወስደው ሜዳ መንገድ በዝግታ ሞከርነው። ጥቂት ሄደን ስንቆም አጎቴ ወርደው መዳፋቸውን ሳያስነኩ ወደ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ተራ በተራ አስጠጉ። ሁለቱም እኩል ሞቀው ነበር።