ስለ ጭነት መኪና ማቀዝቀዣና ስለ ሙቅ ውሃ መዝጊያ የተጻፈ ትምህርት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ የጭነት መኪና በፍቼ በኩል አልፎ ጎሐ ጽዮን እስኪደርስ ድረስ በደጋ አየር ይጓዛል። ከዚያ ቁልቁለቱን ወርዶ የዓባይን ወንዝ ይሻገርና እንደገና ወደ ደጀን አቀበቱን ይወጣል። ደጀን ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በላይ ሲሆን፥ በ2000 ዓ. ም. ፍጻሜ የተመረቀው የኅዳሴ ድልድይ የቆመበት ስፍራ ግን ከ1000 ሜትር ብዙ አይርቅም። አየር በየ1000 ሜትሩ ዝቅታ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል እየሞቀ ስለሚሄድ፥ በደጀን ጋቢውን ደርቦ የተቀመጠ ሰውና በድልድዩ አጠገብ የቆመ ሰው በአንድ ሰዓት የሚያገኙት አየር በ9 ዲግሪ ገደማ ይለያያል። የመጋቢትና የሚያዝያ ፀሐይ በቋጥኙ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህ የሚበልጥበት ቀን አለ።

ይህን መንገድ የሚመላለሰው ሾፌር ብቻ አይደለም። ለምሥራቅ ጎጃም ከብትና በግ የሚሆነው ክትባት በቢሾፍቱ ካለው ከብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ወጥቶ በዚሁ በረሃ ያልፋል። ክትባቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ሊጠበቅ ይገባል። በበረዶ የታሸገው ሣጥን ብዙ ጊዜ የሚጫነው በጋቢናው ውስጥ፥ በረዳቱ እግር ሥር ነው፤ ያ ስፍራ ደግሞ የማሞቂያው ትንፋሽ መውጫ ነው። ሣጥኑ ሙቀት እየተነፈሰበት ከተጓዘ በረዶው ከጊዜው በፊት ይቀልጣል፤ ወረዳውም የሞተ መድኃኒት ተቀብሎ ገበሬውን አስተባብሮ ከብቱን ይወጋል፤ በሽታ በገባ ጊዜ ግን ከብቱ እንዳልተከተበ ሆኖ ያልቃል። ስለዚህ የጋቢና ሙቀት ለሾፌር ምቾት ብቻ የሚታሰብ ነገር እንዳይደለ የወረዳ ሹማምንትና መኪና ያላቸው ባለ ሀብቶች ሊያስተውሉት ይገባል።

ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል፦ መኪናው ማቀዝቀዣ አለው፤ ጋዙ ተሞልቷል፤ ኮምፕሬሰሩም ይሠራል፤ ነገር ግን ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ ከአየር መውጫው የሚነፍሰው ነፋስ ለብ ያለ ነው። ባለቤቱም ጋዝ አልቋል ብሎ ጋዝ ያስሞላል፤ አልሆን ሲለው ኮምፕሬሰር ያስለውጣል። ገንዘቡ ያልቃል፤ ነፋሱ ግን እንደ ቀድሞው ነው። የዚህ ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ በማቀዝቀዣው ሳይሆን በጎኑ ባለው በማሞቂያው ነው።

የሥራው ሁኔታ ይህ ነው። የሞተሩ ውሃ በፓምፕ እየተገፋ በሞተሩ ውስጥ ይዞራል፤ ሞተሩ ሲሠራም ሙቀቱ ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል። ከዚህ ሙቅ ውሃ ጥቂቱ በሁለት የጎማ ቱቦዎች ወደ ጋቢናው ገብቶ፥ በዳሽቦርዱ ሥር ባለች ትንሽ ራዲያተር ውስጥ አልፎ ይመለሳል። ይህች ትንሽ ራዲያተር የማሞቂያው ልብ ናት። የማቀዝቀዣውም ራዲያተር ከእርስዋ ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። በሁለቱ መካከል ሙቀትና ቅዝቃዜን የሚመርጥ አንድ ክዳን አለ፤ ሾፌሩ መቆጣጠሪያውን ወደ ቅዝቃዜ ሲያዞር ይህ ክዳን ነፋሱ በሙቁ ራዲያተር ውስጥ እንዳያልፍ ይከለክላል።

እንግዲህ ክዳኑ ነፋሱን ይከለክላል እንጂ ውሃውን አይከለክልም። በብዙ መኪና ላይ መቆጣጠሪያው በቅዝቃዜ ላይ ሆኖ ሳለ ሙቁ ውሃ በትንሿ ራዲያተር ውስጥ መዞሩን አያቋርጥም። በክዳኑ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ አርጅቶ ከተፈረፈረ፥ ወይም ክዳኑን የሚስበው ካቮ ከረገበ፥ ነፋሱ በስንጥቁ ሾልኮ ሙቀት ተሸክሞ ይወጣል። ክዳኑ ደኅና ቢሆን እንኳ በአንድ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ 90 ዲግሪ የሚሆን ብረት ጎረቤቱን ማሞቁ አይቀርም። በአንድ ቤት ምድጃ እያነደዱ ቅቤ እንዳይቀልጥ መጠበቅ እንደ ማለት ነው። ይልቁንም መኪናው ጭነት ይዞ በዝቅተኛ ማርሽ አቀበቱን ሲወጣ የሞተሩ ውሃ እጅግ የሚሞቅበት፥ ከፊት የሚመጣውም ነፋስ የሚያንስበት ሰዓት ነው፤ ማቀዝቀዣው እጅግ በሚፈለግበት በዚያው ሰዓት ማሞቂያው ይበረታበታል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ይኸውም ወደ ጋቢናው በሚገባው የሙቅ ውሃ ቱቦ ላይ መዝጊያ ቫልቭ ማግባት ነው። በበጋ ሲዘጋ ትንሿ ራዲያተር ሙቅ ውሃ አጥታ ትቀዘቅዛለች፤ ማቀዝቀዣውም ከጎረቤቱ ጋር መታገሉን ይተዋል። ዋጋው ከኮምፕሬሰር ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ነገር ግን ዕቃውን ከመግዛት በፊት መፈተን ይገባል። በመጀመሪያ የተለመዱት ምክንያቶች ይታዩ። የኮምፕሬሰሩ ቺንጋ ረግቦ እንደ ሆነ፥ ከፊት ያለው የማቀዝቀዣው ኮንደንሰር በአቧራና በጤፍ ጭድ ተደፍኖ እንደ ሆነ፥ የነፋሱ ማጣሪያ ታፍኖ እንደ ሆነ ይመርመር። በጎጃም ከመከር እስከ ውቂያ ጭድ ሲጭን የከረመ መኪና ከኮንደንሰሩ ላይ የሚራገፈው ብናኝ ብቻውን ብዙ ነገር ያስረዳል። ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ በኋላ ቴርሞሜትር በአየር መውጫው ላይ ተደርጎ፥ ሞተሩ ሞቆ ሳለ የነፋሱ ሙቀት ይጻፍ። ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ ሲበርድ፥ ወደ ማሞቂያው የሚገባው የጎማ ቱቦ ጎማውን በማይቆርጥ ለስላሳ መቆንጠጫ ለጊዜው ተጨምቆ ይያዝና እንደገና ይለካ። ሁለተኛው ልክ ከፊተኛው በጉልህ ካነሰ ጥፋቱ ከሙቁ ውሃ ነው፤ ልዩነት ከሌለ ግን ቫልቭ መግዛት ገንዘብ ማጥፋት ነው።

በአሮጌ መኪኖች ብዙ ጊዜ ይህ መዝጊያ ከፋብሪካ አብሮ የመጣ ነው፤ በካቮ የሚሳብ ትንሽ ቫልቭ ነው። ለብዙ ዓመት ሳይነካ ሲቀር በዝገትና በውሃ ደለል ይደርቅና ተከፍቶ ይቀራል። እንዲህ ያለው መኪና አዲስ ነገር አያስፈልገውም፤ ያለው ቫልቭ ይጽዳ ወይም ይለወጥ፥ ካቮውም ይስተካከል።

መዝጊያ ለሌለው መኪና የሚመረጠው ቫልቭ አፉ ከቱቦው ጋር እኩል የሆነ፥ ሙቀትና ግፊት የሚችል ነው። የማሞቂያ ቱቦ ብዙውን ጊዜ 16 ወይም 19 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት አለው፤ ቢሆንም በዓይን ከመገመት ለክቶ መግዛት ይሻላል። ለቤት ቧንቧ የተሠራ ርካሽ የፕላስቲክ መዝጊያ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በሙቁ ውሃ ለስልሶ በአቀበቱ መካከል ቢፈነዳ ሞተር ያቃጥላል። ቫልቩ ከጭስ ማውጫውና ከቺንጋው ርቆ በሁለቱም ወገን በብረት ማሰሪያ ይታሰር። ጋቢናቸው ወደ ፊት የሚዘነብል እንደ አይሱዙ ያሉ መኪኖች ላይ ደግሞ ጋቢናው ሲነሣ ቱቦው እንዳይወጠር ትርፍ ርዝመት ይተውለት፤ ሥራው ካለቀ በኋላም መካኒኩ ፊት ጋቢናውን አንሥቶ ማየት ይገባል። ውሃው በተሞላ ጊዜ ቫልቩ ተከፍቶ፥ አየሩ ከመስመሩ ፈጽሞ እስኪወጣ ድረስ ሞተሩ ይሥራ።

እዚህ ላይ ሳያስተውሉ የሚታለፍ አንድ ብርቱ ነገር አለ። በአንዳንድ ሞተሮች የማሞቂያው መንገድ ለጋቢናው ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ቴርሞስታቱ ሳይከፈት ውሃው የሚዞርበት መንገድ እርሱ ነው፤ ወይም የቱርቦው ወይም የጭስ ማቀዝቀዣው ውሃ በዚያው ቱቦ ያልፋል። እንዲህ ባለው ሞተር መንገዱን ደፍኖ መዝጋት ደም ሥር እንደ ማሰር ነው፤ ቴርሞስታቱ የሞተሩን ሙቀት በትክክል አያገኝም፥ ውሃ የቆመበትም ክፍል ይቃጠላል። ስለዚህ የሞተሩ መጽሐፍ ይመርመር፤ መጽሐፉ ካልተገኘ አራት አፍ ያለው ቫልቭ ይገዛ። ይህ ቫልቭ ወደ ጋቢናው የሚሄደውን ውሃ ሲዘጋ ውሃውን በአቋራጭ ወደ ሞተሩ ይመልሰዋል እንጂ አያቆመውም። ዋጋው ጥቂት ቢጨምርም፥ ልዩ ልዩ ዓይነት መኪና ላለው መሥሪያ ቤት የሚመከረው ይኸኛው ነው።

ገንዘብ ለማትረፍ ቱቦውን በሽቦ አንቆ መተው፥ ወይም በእንጨት ውታፍ መድፈን ፈጽሞ አይገባም። ምክንያቱም መዝጊያው የሚከፈትበት ሰዓት አለ። ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከልኩ ማለፍ ከጀመረ፥ ሾፌሩ በመጀመሪያ ማቀዝቀዣውን ያጥፋ፤ ኮምፕሬሰሩ ከሞተሩ ጉልበት ይወስዳልና፥ ኮንደንሰሩም በራዲያተሩ ፊት ሙቀት ያፈስሳልና። ቀጥሎ የማሞቂያውን መዝጊያ ይክፈት፤ ማሞቂያውን በሙሉ ነፋስ ያስነሣ፤ መስኮቱንም ዝቅ ያድርግ። ያን ጊዜ ትንሿ ራዲያተር ለትልቁ ረዳት ትሆናለች። ሾፌሩ ያልበዋል፤ ክትባት ከተጫነም ሣጥኑ ከእግር ሥር ተነሥቶ በብርድ ልብስ ይጠቅለል፤ ሞተሩ ግን ይድናል። ስለዚህ መዝጊያው ከሾፌሩ እጅ የማይርቅ፥ በካቮ ወይም በኤሌክትሪክ ከጋቢናው ውስጥ የሚታዘዝ ቢሆን እጅግ ይበጃል። መርፌው በዚህ ሁሉ ካልወረደ ግን መኪናውን ዳር አስይዞ ማቆም ነው።

የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሳይበርድ መክፈት በየትም ስፍራ ክፉ ነው፤ በደጋ ደግሞ ይብሳል። ንጹሕ ውሃ በደብረ ማርቆስ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በዓባይ ወንዝ ዳር ግን 96 ወይም 97 ዲግሪ ይደርሳል። በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን ስለ ያዘው ነው። ሰው ደጀን ደርሶ ቸኩሎ ክዳኑን ሲፈታ ግፊቱ ይለቀቃል፤ ውሃውም በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ፊቱን ይገርፈዋል። የክዳኑ ጎማ ያረጀ እንደ ሆነም አቀበቱ ላይ ውሃው ቀድሞ ይፈላልና ቫልቩ በሚገባበት ቀን አብሮ ቢለወጥ መልካም ነው።

ክረምት ሲገባ መዝጊያው ይከፈት። በሰኔና በሐምሌ ጠዋት በደጀንና በደብረ ማርቆስ መካከል ጉም በመስተዋቱ ላይ ሲያርፍ፥ ወይም መኪናው ዘር ጭኖ ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ ሲወጣ፥ መስተዋቱን የሚያጠራው ያው የማሞቂያው ነፋስ ነው። በበጋም ቢሆን መዝጊያው በወር አንድ ጊዜ እየተከፈተና እየተዘጋ ይፈተን፤ ሳይነካ የኖረ ቫልቭ ይደርቃል። በየወረዳው መኪና የሚመዘግበው ሠራተኛ ይህን ከዘይት መለወጫው ቀን ጋር በአንድ መዝገብ ቢጽፈው አይረሳም።

ቫልቩ ሲገባ ከቱቦው የሚፈሰው ፈሳሽ በዕቃ ይጠራቀም እንጂ በጋራዡ ደጅ አይደፋ። በራዲያተር ውስጥ ከውሃ ጋር የሚቀላቀለው ኩላንት ብዙውን ጊዜ ኤቲሊን ግላይኮል የሚባል መርዝ ነው፤ ጣዕሙም ጣፋጭ ስለ ሆነ ውሻና ከብት ሊልሱት ይወድዳሉ፤ ጥቂቱም ኩላሊታቸውን አጥፍቶ ይገድላቸዋል። ፈሳሹ ንጹሕ ከሆነ ተጣርቶ ወደ ራዲያተሩ ይመለስ፤ የቆሸሸ ከሆነ ክዳን ባለው ጀሪካን ተዘግቶ፥ መርዝ መሆኑ ተጽፎበት፥ ልጆችና ከብቶች ከማይደርሱበት ስፍራ ይቀመጥ።