ብዛት የማያጠፋው ስህተት

ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ተቀምጠሽ የቡና እርጥበት መለካትን ሥራሽ ላደረግሽው ልጄ።

1. ደጋግሞ መለካት የሚያቀለው ወዲያ ወዲህ የሚዋዥቀውን ስህተት ብቻ ነው። አሥር ንባብ በ0.2 ገደማ ቢበታተን የአማካዩ መዋዠቅ ወደ 0.06 ይወርዳል። መሣሪያው ራሱ ግማሽ ነጥብ አሳንሶ የሚያነብ ከሆነ ግን ሺህ ጊዜ ብትለኪም ያው ግማሽ ነጥብ ይጎድላል። ንባቦች እርስ በርስ ስለተስማሙ እውነት ናቸው አትበዪ።

2. ይህ ስህተት የት እንደሚደበቅ በከተማችን ላሳይሽ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ ውስጥ አድርጎ 100 ላይ ቢያስተካክለው፣ በቡና ማድረቂያው ኦቨን ላይ 105 ሲያነብ እውነተኛው ሙቀት 99 አካባቢ ነው። አይሶ 6673 የሚባለው ዓለም አቀፍ ዘዴ ጥሬ ቡናን በ105 ዲግሪ ለ16 ሰዓት አድርቀሽ የጎደለውን ክብደት እንድትመዝኚ ያዛል። ሙቀቱ ካነሰ ውሃው በሙሉ አይወጣም፤ ቡናው ሳይደርቅ ደረቅ ተብሎ ይመዘገባል፤ መጋዘን ገብቶም ሊሻግት ይችላል። የሚጎዳው ያ ዓመቱን ሙሉ የደከመበት ገበሬና ገዢው ነው፤ ስለዚህ ነው ነገሩን አጥብቄ የምነግርሽ።

3. ሊስት ስኩዌርስ የሚባለው የመስመር ማውጫ ስሌትም አያድንሽም። የመለኪያሽን ንባብ ከኦቨኑ ውጤት ጋር አነጻጽረሽ መስመር ስታወጪ፣ ስሌቱ የሚያየው ነጥቦቹ ከመስመሩ ምን ያህል እንደራቁ ነው። ኦቨኑ ሁሉንም ናሙና እኩል ካሳነሰ ነጥቦቹም መስመሩም አብረው ዝቅ ይላሉ፤ ርቀቱ አይለወጥም።

4. የምታውቂውን ስህተት አርሚ፤ የማታውቂውን ደግሞ በቁጥር አስገቢ። በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመው ዓለም አቀፉ የልኬት መመሪያ መንገዱን ከፍቶታል። መሣሪያው እስከ 0.5 ነጥብ ሊስት እንደሚችል ብቻ ካወቅሽ፣ 0.5ን ለ3 ስኩዌር ሩት አካፍዪ፤ 0.29 ይመጣል። ይህንና 0.06ን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተሽ ደምሪ፣ የድምሩንም ስኩዌር ሩት ውሰጂ፤ 0.3 ገደማ ነው። በሁለት ሲባዛ 0.6፤ ይህ የንባብሽ እርግጠኛ አለመሆን ነው። ጣሪያው 11.5 በመቶ ሆኖ ንባብሽ 11.2 ከሆነ፣ ቡናው አልፏል ለማለት ገና ነው።

5. መስመር ስታወጪ ግን ያን 0.29 በየነጥቡ ላይ ለየብቻ አትጨምሪ። ስሌቱ እንደ መዋዠቅ ቆጥሮ በነጥቦች ብዛት ያሳንሰዋል። ሁሉም ነጥቦች የሚጋሩት አንድ ያልታወቀ ቁጥር አድርገሽ አስገቢው፤ ግምቱ ዜሮ፣ እርግጠኛ አለመሆኑ 0.29። ኮቫሪያንስ ማትሪክስ የምትጠቀሚ ከሆነ 0.29 ስኩዌርን በሁሉም ቦታዎች ላይ ደምሪ፤ ነጥቦቹን እርስ በርስ በሚያያይዙት ቦታዎችም ጭምር።

6. አሠራር ለውጪ። ሌላ ቴርሞሜትር፣ ሌላ ኦቨን፣ ሌላ ሰው። ባለሁለት ሳህን ሚዛን ከሆነ ዕቃውንና የሚዛኑን ድንጋይ አቀያይረሽ መዝኚ። ከሁሉ የሚሻለው ናሙናውን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ሌላ ላቦራቶሪ መላክ ነው። የሁለታችሁም እርግጠኛ አለመሆን 0.6 ከሆነ፣ ልዩነታችሁ ከ0.85 ሲበልጥ ከመካከላችሁ ያልተቆጠረ ስህተት ሳይኖር አይቀርምና ፈልጉት። ናሙናው በመንገድ እንዳይደርቅ አየር በማያስገባ ዕቃ አሽጊው።