አራተኛዋ ግብ

እኛ የጂጂጋ ልጆች ሜዳ ስንወርድ ሁላችንም አጥቂ ካልሆንን ብለን እንጣላለን፤ ኳስ የሚያቀብል ግን አይገኝም። ስለዚህ ዛሬ የታላቁን አጥቂ የመንግሥቱ ወርቁን ታሪክ እንመልከት።

የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር ተሰለፈ። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ። መጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ቀጥሎ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛዋን፣ መንግሥቱ አራተኛዋን አገቡ፤ 4 ለ 2። ዋንጫውን የኢታሎ ወንድም አምበሉ ሉቺያኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫ በጠቅላላው 10 ግቦች አስቆጥሯል። መጫወት ካቆመ በኋላም ያወቀውን ለራሱ ብቻ ይዞ አልተቀመጠም፤ አሠልጣኝ ሆኖ በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችንን ሊቢያ ላይ ለተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ አበቃ። በ2003 ዓ.ም. ዐረፈ።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ አራተኛዋ ግብ የመጣችው ሌሎች ሦስቱን ስላገቡ ነው። በሜዳም ሆነ በትምህርታችን «ለእኔ ማን አቀበለኝ? እኔስ ለማን አቀበልሁ?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።